ሯጩ ፊደልና የእናቴ ንባብ

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ደጃፍ ላይ ሰው ሲቆም፣ ምን ሊለኝ እንደመጣ ገና አፉን ሳይከፍት አውቃለሁ። «ወፈር አድርጊው» ይለኛል። ከዚያ መዳፉን ያነሣና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ «ደግሞ እንዲህ ይሁን» ይላል። በኮምፒውተሩ ቋንቋ ቦልድ ኢታሊክ ይባላል፤ ደንበኞቼ ግን የራሳቸውን ስም አውጥተውለት «ሯጩ» ይሉታል። ጫፉ ላይ ጌጥ የለው፣ ጭራ የለው፣ ከአናቱ እስከ እግሩ እኩል የወፈረና ወደ ፊት ያዘነበለ ፊደል ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስተይብ ኖሬ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል ወዶ የሄደ ደንበኛ ብትሉኝ በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ እጨርሳለሁ።

ፊደሉን በደፈናው አልጠላውም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ወደ በዴሳ የሚሄድ ሚኒባስ መስታወት ላይ ሲለጠፍ ያምርበታል፤ መኪናው ቆሞም የሚሄድ ያስመስለዋል። የኳስ ቡድን ማሊያ ጀርባ ላይ፣ የጎማ መጠገኛ ቤት ማስታወቂያ ላይ ከሩቅ ይታያል፣ ጉልበት አለው። ነገሩ አንድ ወይም ሁለት ቃል ከሆነ ከሱ የተሻለ የለም። ችግሩ የእኛ ሰው አንድ ቦታ ያማረበትን ነገር ሁሉም ቦታ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። የሰርግ ጥሪ በሯጩ፣ የቤት ኪራይ ውል በሯጩ፣ የዕድር ስብሰባ በሯጩ። አንድ ጊዜማ ቀብር ላይ የሚነበብ የአንድ አዛውንት የሕይወት ታሪክ ሦስት ገጽ ሙሉ በሯጩ አሠርተውኛል። «ሟቹ ወዴት ነው የሚሮጡት?» ብዬ ብጠይቅ ትልቁ ልጃቸው ተቀየመኝ። እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

ደግሞ ብቻውን የሚመጣ የለም። እኛ ዘንድ አንድ ገጽ ለማስተየብ ኮሚቴ ነው የሚመጣው። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያርማል፣ አንዷ ስለ ቀለሙ ትጨነቃለች፤ አራተኛው ለምን እንደመጣ ራሱም አያውቅም፣ ከሁሉም በላይ የሚያዝዘው ግን እሱ ነው። ወንበሬን ከኋላ ከበው ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ነው። ጽሑፉን ቀጥ ባለ ፊደል ሳሳያቸው «ይሄማ የመንግሥት ደብዳቤ መሰለ» ይሉኛል። ሳወፍረው «እ፣ አሁን መጣ» ይላሉ። ሳጋድመው ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ወደዱት ማለት ነው። ከስንቱ ጋር ልከራከር? ከኋላቸው ሌላ ኮሚቴ ይጠብቃል፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከር ነበር፤ ኋላ ደከመኝና ተውኩት። እጄም ለመደው። አሁን አንድ ሰው «አሳምሪው» ካለኝ ጣቶቼ እኔን ሳያማክሩ ጽሑፉን አወፍረውና አጋድመው ቁጭ ይላሉ።

የአማርኛው ፊደል ለመጋደም አልተፈጠረም። ኮምፒውተሩ በግድ ገፍቶ ነው የሚያጋድመው፤ «ጠ» ሊወድቅ ይደርሳል፣ «ሰ» አንድ እግሯን የምታነሣ ትመስላለች። ቢሆንም ሰዉ እየገመተ ያነበዋል። የባሰው ወላይትኛው ነው። ወላይትኛን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ድምፁ ሲረዝም ወይም ሲጠብቅ ፊደሉን እንደግመዋለን። ስለዚህ አንድ ቃል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ ቀጫጭን ፊደላት ይበዛሉ። እነሱ ሲወፍሩና ሲጋደሙ አንዱ የሌላው ጉያ ውስጥ ይገባል። የክብ ፊደላቱ ሆድ በቀለም ይደፈናል፤ የትኛው አንድ የትኛው ሁለት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ማንበብ የለመደ ሰው ግድ የለውም፤ ቃሉን በመልኩ ያውቀዋል። አዲስ አንባቢ ግን ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። ይህን ዛሬ አይደለም ያወቅሁት። አሁን የማወራላችሁ ነገር ሲደርስም አውቅ ነበር፤ ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እናቴ የምትኖረው ጉኑኖ ነው። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን ቀርታ አታውቅም። እዚያም ዕድሜዋን ሙሉ የመዝሙር መጽሐፍ ገልጣ ስትዘምር ኖራለች። መዝሙሮቹን በሙሉ በቃሏ ታውቃቸዋለች። ገጹን የምትገልጠው አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት እያየች ነው፤ ያቺ ስትገልጥ እሷም ትገልጣለች። ማንበብ እንደማትችል ከቤተሰብ በቀር ያወቀባት አልነበረም። ልጅ ሆኜ አንድ እሁድ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛው አየሁና ላቃናላት እጄን ብሰድ፣ በነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ያን ቁንጥጫ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ሰው እንዳያይ ፈርታ ነበር።

በቅርቡ ታዲያ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለእናቶች የንባብ ትምህርት ጀመሩ። እናቴ ስድሳን ካለፈች በኋላ ደብተር ይዛ ገባች። «በዚህ ዕድሜሽ ምን አስጨነቀሽ፣ እማ?» ብላት፣ በወላይትኛ «መዝሙሩን ከሰው መስረቅ ሰለቸኝ» አለችኝ። ከእናቴ ጋር የምናወራው በወላይትኛ ብቻ ነው፤ እዚህ የማሰፍረው አማርኛ የኔ ነው።

መምህሩ የሚያስተምሩት ከመጽሐፍ አልነበረም። እያንዳንዷ እናት የራሷን ታሪክ በአፏ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ቃሏን ሳይለውጡ በወላይትኛ ሰፊ ወረቀት ላይ ትልቅና ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ ያሰፍሩላታል፤ እሷም ያንኑ ማንበብ ትማራለች። በቃላቸው ይዘው እንዳያታልሏቸው ደግሞ መሥመሮቹን በመቀስ ቆራርጠው ያዘበራርቁባቸው ነበር። እናቴ ያስጻፈችው ዐሥራ ሁለት መሥመር ሆነ። ስለዚያው ስለ መዝሙር መጽሐፉ ነው፤ ለብዙ ዓመት ይዛው እንደቆመች፣ የምታነብ እየመሰለች ሰዉን እንዳታለለች። የመጨረሻው መሥመር «ዛሬ ይህን የማነበው እኔ ራሴ ነኝ» ይላል።

ትምህርቱን እስከ መጨረሻው የዘለቁት አራት እናቶች አንድ እሁድ በጉባኤው ፊት ቆመው እንዲያነቡና ሰርተፍኬት እንዲቀበሉ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ስደውልላት የላሟን፣ የእንሰቱን፣ የጎረቤቱን ነገር ትታ መሥመሮቿን ታነብልኛለች። በስልክ ስትሰማ ንባቧ አንዲት ሴት በጭቃ መንገድ ላይ ስትራመድ ነው የሚመስለው፤ አንድ እግር ታነሣለች፣ ታስብበታለች፣ ታስቀምጣለች። አንድ ቃል ላይ ስትደናቀፍ ልነግራት ስል «ዝም በይ» ትለኛለች። ያቺ እሁድ ለእሷ የሽልማት ቀን ብቻ አልነበረችም። እነዚያን ያታለለቻቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቆማ፣ እንዳታለለቻቸው ራሷ አስጽፋ ራሷ ልታነብላቸው ነበር።

እሁዱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው መምህሩ የእጅ ጽሑፎቹን ጠቅልለው ሱቄ መጡ። ሁለት ኮሚቴ ከፊታቸው ነበር፤ አንዱ የሰርግ ነው፣ ሌላው ከቦምቤ የመጣ የእግር ኳስ ቡድን። መምህሩ ጥግ ላይ ቆመው ጠበቁና ተራቸው ሲደርስ ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። «በእጅ ጽሑፍ ጉባኤ ፊት ማቅረብ አይሆንም፣ ልጄ። እስቲ አሳምሪልን» አሉኝ። «ችግር የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አሳምሪልን አሉኝ፣ አሳመርኩ። አራቱን ጽሑፍ ተየብኩና ጣቶቼ የለመዱትን አደረጉ። ሰርተፍኬቶቹንም እንዲሁ። ወረቀቶቹ እንዳይቆሽሹ ብዬ በፕላስቲክ ሸፍኜ ላሚኔት አደረግኋቸው። መምህሩ የእናቴን ታሪክ በእጃቸው የጻፉበትን ወረቀት አጠገቤ ዘርግቼ እያየሁ ነው ይህን ያደረግሁት፤ እያንዳንዱ ፊደል ብቻውን ቆሞ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ተሰጣጥቶ። እያየሁ አላየሁም። መምህሩ ላሚኔቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና «አቤት፣ እንዴት አምሯል» አሉ። እሳቸውም አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ሁሉን በመልኩ ነው የሚያነቡት። እሁድ ጠዋት ባድላቸው ይሻላል፣ እስከዚያ እንዳይጨማደድባቸው ብለው በካኪ ፖስታ ይዘውት ሄዱ። እኔም ለእናቴ የሠራሁላት ሥራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሁድ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ጉኑኖ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። በአገልግሎቱ መሀል አራቱ እናቶች ወደ ፊት ተጠሩና መምህሩ ወረቀቶቹን ከፖስታው እያወጡ አደሉ። የመጀመሪያዋ ሁለት መሥመር ተንተባትባ ቆመች፤ መምህሩ ከኋላ እየነገሯት ጨረሰች። ሁለተኛዋ ወረቀቱን አይታ አይታ አለቀሰች። ጉባኤው ለሁለቱም አጨበጨበ። እኔ ግን የመድረክ ፍርሃት ነው ብዬ ነበር። ሞኝነቴን ተመልከቱ።

ሦስተኛዋ እናቴ ናት። ወረቀቱን ተቀበለች፣ አየችው። ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ አራቀችው። ላሚኔቱ ሲያብለጨልጭ ወደ ጎን አዞረችው። ከዚያ ቀና ብላ ከሰዉ መሀል ፈልጋ እኔን አየችኝ። ያኔ ገባኝ፤ ያጋደምኩትን ፊደል መለየት አቅቷታል። ተነሥቼ ልሂድና ምን ልበል? የማደርገውን ሳላውቅ እናቴ ፊቷን ወደ ጉባኤው መለሰች፣ ወረቀቱን ደረቷ ፊት አስተካክላ ያዘችና ጀመረች።

አንዴም አልተደናቀፈችም። ቃሉ ከአፏ እንደ ውኃ ወረደ፤ ድምፅዋ የዘማሪ ድምፅ ነው፣ ያምራል። እኔ ግን የማየው ጣቷን ነበር። እናቴ ስታነብ ጣቷ ከቃል ወደ ቃል ይሄዳል፤ ያን ቀን ጣቷ ወረቀቱን ጠርዙ ላይ ጨብጦ አልተንቀሳቀሰም። ታሪኩ የራሷ ነው፣ መዘበራረቅ ከሌለ በቃሏ ታውቀዋለች። የመጨረሻው መሥመር ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። «ዛሬ ይህን የማነበው እኔ ራሴ ነኝ» አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሰዉ ተነሥቶ ነው ያጨበጨበላት። መምህሩ ዕንባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አየሁ፤ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ እሱ ነው፣ አስተማሪዋ ሆነው እንኳ አልነቁም።

አራተኛዋም እየተነገራት ከጨረሰች በኋላ፣ ደጅ ላይ ሴቶች እናቴን ተራ በተራ ሳሟት። ሰርተፍኬቷን በእጇ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ፣ እየተከተልኳት ቤቷ ገባች። ከዚያ ላሚኔቱን አልጋዋ ላይ አኖረችና «ፊደሎቹን ማን ነው የገፋቸው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አልኩ።

«መምህሩ ሲጽፏቸው ይቆሙ ነበር። ያንቺዎቹ ተያይዘው ተኝተዋል። አንዱን ልይዝ ስል ሌላው ይመጣብኛል።»

ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያሠራኝ፣ ያምራል ይላሉ፣ ለምዶብኝ ነው ብዬ ቀባጠርኩ። ከዚያም ከሁሉም የባሰውን ተናገርኩ። «ግድ የለም፣ እማ። ማንም አላወቀም እኮ» አልኳት።

«እሱን ነው ዕድሜዬን ሙሉ ለራሴ ስነግር የኖርኩት» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ወደ ሶዶ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያልረገምኩት የለም። ኮሚቴዎቹን ረገምኩ፣ ኮምፒውተሩን ረገምኩ፣ «አሳምሪልን» ያሉኝን መምህር ረገምኩ። የኔ ተራ ሲደርስ ግን መርገሙ አልሆነልኝም፤ በመስኮት ማየት ጀመርኩ። ከፊታችን የሚሄደው ሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ በሯጩ ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። የለጠፍኩትም እኔው ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የሰርግ ኮሚቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። ያ ለምን እንደመጣ የማያውቀው ሰውዬ ገና ሳልቀመጥ መዳፉን አነሣና ወደ ቀኝ ሊያጋድል ጀመረ። «እጅዎን ያውርዱ» አልኩት። ደነገጠ። «ይህን ጥሪ ስንት አዛውንት ነው የሚቀበለው? ስንቱ በመነጽር ነው የሚያየው? ጠይቃችኋል?» እያልኩ አፈጠጥኩባቸው። አንዷ ቀስ ብላ «ምን ነካት ዛሬ?» ስትል ሰማኋት። ጥሪውን ቀጥ ባለ ፊደል ሠራሁላቸው፤ ሳይወዱት ይዘውት ሄዱ። ተመልሰው ይመጡ እንደሆነም አላውቅም፣ ቢቀሩም ይቅሩ።

ከነሱ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ የእናቴን ዐሥራ ሁለት መሥመር እንደገና ተየብኩ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ፊደል፣ ጉልህ። በፊደልና በፊደል መካከል ቦታ፣ በመሥመርና በመሥመር መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት። አንዱን ገጽ አወጣሁና ሳየው ክቦቹ ጠበውብኛል፤ ጣልኩት። ሌላ ፊደል ሞከርኩ። አምስት ስድስት ጊዜ አውጥቼ መምህሩ ከጻፉት ጋር እያስተያየሁ ጣልኩ። እንዳያብለጨልጭባት ላሚኔቱን ተውኩት። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ለአንድ ገጽ ይህን ያህል ተጨንቄ አላውቅም፤ ለማንም ቢሆን እንደዚህ ልጨነቅ ይገባኝ ነበር።

ቅዳሜ ወስጄ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ቆማ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አኖረች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እነዚህ ቆመዋል» አለች። አንብቢልኝ ብላት እምቢ አለች። «ላንቺ አይደለም» ብላ አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

በማግስቱ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከመዝሙሩ በኋላ የምስክርነት ሰዓት አለ፤ እግዚአብሔር ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ እጁን ያወጣል። ብዙውን ጊዜ ከሕመም የተፈወሰ ነው፣ ልጁ ፈተና ያለፈለት ነው። አንድ ሰው ተናግሮ ሲቀመጥ እናቴ እጇን አወጣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባኝ ነጠላዋን ያዝኳት፤ አስለቅቃኝ ሄደች። የፕሮግራም መሪው፣ ፈጠን ያለ ጎልማሳ ነው፣ ማይኩን አቀበላት።

«ባለፈው እሁድ አጨብጭባችሁልኛል» አለች። «እኔ ግን አላነበብኩም። በቃሌ ነው ያልኩት። የማነበው እኔ ነኝ ብዬም እዚህ ቆሜ ዋሸኋችሁ። ከዚያ በፊትም ይዤ የቆምኩትን የመዝሙር መጽሐፍ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም።»

መምህሩ አንገታቸውን ሰበሩ። እኔ አሁን ስለ ወረቀቱ ትናገራለች፣ ስለ እኔ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትናገርም ደስ ባለኝ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን ፈትታ ወረቀቱን አወጣች፣ ማይኩን ለመሪው መልሳ ሰጠችው፤ አንዱ እጇ ለወረቀቱ፣ አንዱ ቃሉን በጣቷ ለመከተል ያስፈልጋታላ። እሱ አፏ ላይ ያዘላት።

የመጀመሪያው ቃል ብዙ ቆየ። ሁለተኛውም። ድምፅዋ ያ የሚያምረው ድምፅ አልነበረም፤ ሻካራ ነው፣ ይቆራረጣል፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ትለዋለች። አንደኛውን መሥመር ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ጨረሰች። ልጆች መንቆራጠጥ ጀመሩ፣ መዘምራኑ ተነሥተው ይጠብቃሉ። አራተኛው መሥመር መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ቃል ገጠማት። ጀመረችው፣ ተሳሳተች፣ ተመለሰች። እንደገና ጀመረችና አወጣችው። መሪው ሰዓቱን አየ፣ አዘነላትም፤ ሊያሳርፋት ብሎ ማይኩን ወደ ራሱ አፍ መልሶ «አሜን፣ እናታችንን እግዚአብሔር ይባርክልን» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። ጉባኤውም አብሮት አጨበጨበ።

እናቴ ጣቷን ከወረቀቱ አላነሣችም። ቀና አለችና ጭብጨባው እስኪያልቅ ሰዉን አየችው።

«አልጨረስኩም» አለች።

መሪው ማይኩን መልሶ አስጠጋላት። ጣቷ ወዳለበት አጎነበሰች። ገና ስምንት መሥመር ቀርቷት ነበር።